ጋንትሪው ጫፍ ሲደርስ ለምን ይከብዳል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ በትርፍ ጊዜዬ እንጨትና አልሙኒየም የሚቆርጥ ሲኤንሲ (በኮምፒውተር የሚመራ) ማሽን በራሴ እጅ እየሠራሁ ነው። መሠረቱ ከአልሙኒየም ፕሮፋይል የተገጣጠመ ሲሆን፣ በሁለቱ ጎኖቹ ላይ 1,200 ሚሊ ሜትር የሚረዝሙ ባለ 20 ሚሊ ሜትር ሐዲዶች አስሬያለሁ። በሐዲዶቹ መካከል ያለው ርቀት 700 ሚሊ ሜትር ነው። ስፒንድሉን (መቁረጫውን የሚያሽከረክረውን ሞተር) የሚሸከመው ድልድይ መሰል ጋንትሪ በአራት ብሎኮች (በሐዲዱ ላይ በኳሶች የሚሄዱ ተሸካሚዎች) ላይ ተቀምጦ፣ ከታች መሐል ለመሐል በተዘረጋ አንድ ቦል ስክሩ (በሞተር የሚዞር ባለ ጥርስ ዘንግ) ይነዳል። ጋንትሪው ከመነሻው እስከ መንገዱ ሁለት ሦስተኛ ድረስ እጅግ ቀሎ ይሄዳል፤ የመጨረሻው 250 ሚሊ ሜትር ላይ ሲደርስ ግን ይከብዳል፣ ሞተሩ ያጉረመርማል፣ ስቴፕም (የሞተሩ እርምጃ) ይዘላል። የሐዲዶቹን ርቀት በልኩ በተቆረጠ የብረት ዘንግና በፊለር ጌጅ (ክፍተት በሚለካበት ስስ የብረት ቅጠል) በሁለቱም ጫፍ ለክቼ ልዩነቱን 0.05 ሚሊ ሜትር አግኝቼዋለሁ። እያንዳንዱ ብሎክ ለብቻው በሐዲዱ ላይ ሲገፋ ምንም እንከን የለበትም። አንድ ወዳጄ የአንደኛውን ሐዲድ ብሎኖች ላላ አድርጌ እንድተዋቸው መከረኝ። እንደ ምክሩ ሳደርግ ክብደቱ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም፤ ክብ ስቆርጥ ደግሞ ሞላላ ሆኖ ይወጣል። ምን ባደርግ ይሻላል?

መልስ፦ ውድ አንባቢ፣ ደብዳቤዎ የለኩትን፣ የሞከሩትንና ያዩትን ለይቶ ስለሚናገር ችግሩን ከሩቅ ሆኖ ለመመርመር ያስችላል። የዚህን ዕትም ዓምድ አብዛኛውን ክፍል ለእርስዎ የሰጠሁትም ስለዚሁ ነው።

እያንዳንዱ ብሎክ ለብቻው ሲገፋ በቀላሉ መሄዱ፣ በውስጡ የሚዞሩት ኳሶችም ሆኑ ሐዲዶቹ ጤነኞች መሆናቸውን ያሳያል። ስለዚህ ቅባት ቢጨምሩ ወይም ብሎክ ቢቀይሩ የሚያተርፉት ነገር የለም። ጥሉ በክፍሎቹ መካከል ነው። የአንዱን ሐዲድ ብሎኖች ሲያላሉ ክብደቱ መቀነሱ ሁለቱ ሐዲዶች እንዳልተስማሙ ይመሰክራል፤ ፈጽሞ አለመጥፋቱ ደግሞ ሐዲዶቹ ብቸኞቹ ጥፋተኞች እንዳልሆኑ ያስጠረጥራል። እኔ በበኩሌ ሁለት ጥፋቶች አንድ ላይ እንደተደራረቡብዎት እገምታለሁ፤ ሁለቱን ሳይለያዩ ለማስተካከል መሞከር ደግሞ ቀናትን በከንቱ ያስበላል።

ባለ ሦስት እግር በርጩማ በየትኛውም ወለል ላይ ሳይወላወል ይቆማል፤ አራተኛ እግር ሲጨመርለት ግን ወለሉ ወይም እግሩ ትንሽ ከተዛባ መወላወሉ አይቀርም። አራት ብሎኮች በሁለት ሐዲዶች ላይ ሲሄዱም ነገሩ ተመሳሳይ ነው፤ ልዩነቱ ብሎክ ሐዲዱን ከላይም ከታችም ከጎንም ጨብጦ የያዘ በመሆኑ እንደ በርጩማው መወላወል አለመቻሉ ነው። መወላወል ያልቻለ ነገር ይጨነቃል፤ ጭንቀቱም በኳሶቹ ላይ ያርፍና እጅዎ ክብደት ሆኖ ይሰማዋል። ሁለቱ ሐዲዶች በርቀት፣ በከፍታ፣ በቀጥታነትና በጥምዘት መስማማት አለባቸው። እርስዎ የለኩት ርቀትን ብቻ ነው፤ እርሱንም በሁለቱ ጫፎች ብቻ። በዚያ ላይ 0.05 ሚሊ ሜትር በእጅ ሥራ ትንሽ ቢመስልም፣ ለባለ 20 ሚሊ ሜትር ሐዲድ አምራቾች የሚፈቅዱት የትይዩነት ስህተት ቅድመ ጫናው (ኳሶቹ አስቀድመው የተጨመቁበት መጠን) ቀላል ለሆነ ብሎክ እንኳ ወደ 0.025 ሚሊ ሜትር ነው። በቤት የሚሠራ ማሽን ፍሬሙ ስለሚለመጥ ከዚህ የበለጠ ስህተትም ችሎ ይኖራል፤ ቢሆንም ያገኙት ቁጥር ሐዲዶቹን ነፃ የሚያወጣ ማስረጃ አይደለም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ማናቸውንም የሐዲድ ብሎን ከመንካትዎ በፊት የቦል ስክሩን ዳዶ ከጋንትሪው ይፍቱት። ዳዶው በዘንጉ ላይ ይቆይ፤ ከጋንትሪው ጋር የሚያያይዙት ብሎኖች ብቻ ይውጡ። ያላሉትን ሐዲድ መልሰው ካጠበቁ በኋላም ጋንትሪውን መሐሉን ይዘው በእጅዎ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይግፉት። የስፕሪንግ ሚዛን ካለዎት በእርሱ እየጎተቱ፣ በየ100 ሚሊ ሜትሩ ሚዛኑ የሚያሳየውን ቁጥር ወረቀት ላይ ይጻፉ። የእጅ ስሜት ከትናንት ወደ ዛሬ ይረሳል፤ የተጻፈ ቁጥር ግን ከነገው ጋር ሊነጻጸር ይችላል።

ዳዶው ሲፈታ ጫፍ ላይ የነበረው ክብደት በጉልህ ከቀነሰ፣ የጥፋቱ አንዱ ድርሻ የቦል ስክሩ ነው። ዘንጉ በሁለት ጫፎቹ በኩሽኔታ ቤት ተይዟል፤ ዳዶው መሐል ላይ ሳለ ከሁለቱም ድጋፎች ስለሚርቅ፣ ዘንጉ ከጋንትሪው መንገድ ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢያፈነግጥ እንኳ እየተለመጠ ይከተላል። ዳዶው ወደ አንዱ የኩሽኔታ ቤት ሲጠጋ ግን በመካከላቸው የሚቀረው ዘንግ አጭር ይሆናል፤ አጭር ዘንግ ደግሞ አይለመጥም። መሐል ላይ ተደብቆ የነበረው ስህተት ጫፍ ላይ ሲደርስ የሚገለጠው ስለዚህ ነው። እኔም በመጀመሪያው ማሽኔ ላይ ሁለት ሙሉ ቀን ሐዲድ ሳስተካክል ከርሜ፣ ጥፋቱ ከዘንጉ ኩሽኔታ ቤት ሥር ያልተነቀለ የቀለም ቅርፊት ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ዳዶውን ሳልፈታ ሐዲድ ነክቼ አላውቅም።

ዘንጉን ለማስተካከል በመጀመሪያ ከሐዲዱ ያለውን ርቀትና ከፍታውን በሁለቱም ጫፍ ይለኩና ያቀራርቡ። ከዚያም ጋንትሪውን ወደ አንዱ ጫፍ እስኪደርስ ይግፉት፤ ዳዶውን ወደ መያዣው አቅርበው ብሎኖቹን በጣት ብቻ ያስገቡ። በዳዶውና በመያዣው መካከል በየትኛውም ጎን ክፍተት ከታየ ብሎኑን አጥብቀው አይዝጉት፤ ክፍተቱን በፊለር ጌጅ ለክተው በዚያው ውፍረት ስስ የናስ ቆርቆሮ ይሙሉት። በብሎን ኃይል የተዘጋ ክፍተት ዘንጉን አጉብጦ ችግሩን መልሶ ያመጣዋል። ዳዶውን ካጠበቁ በኋላ የዚያን ጫፍ የኩሽኔታ ቤት ብሎኖች አላልተው ቤቱ የሚፈልገውን ቦታ እንዲይዝ ይተዉትና ያጥብቁት፤ በሌላኛው ጫፍም እንዲሁ ያድርጉ። ይህን ሁለትና ሦስት ጊዜ ሲመላለሱበት ዘንጉ ከሐዲዶቹ ጋር ይታረቃል።

ዳዶው ተፈትቶም የቀረው ክብደት የሐዲዶቹ ድርሻ ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች ቸኩለው ሐዲድ መፍታት ይጀምራሉ። እኔ የምመክርዎ ግን ማሽኑ ራሱ የስህተቱን ዓይነት እንዲነግርዎት መጠየቅ ነው። በአንደኛው ጎን ያሉትን ሁለት ብሎኮች ከጋንትሪው ጋር የሚያገናኙትን ብሎኖች አንድ ዙር ያህል ያላሉ፤ ሐዲዱን አይንኩት። ከዚያም ጋንትሪውን ቀስ ብለው ወደሚከብደው ቦታ ይውሰዱና ዝቅ ብለው ብሎኮቹና የጋንትሪው እግር የሚገናኙበትን መሥመር ይመልከቱ። እግሩ በብሎኩ ላይ ወደ ጎን ከተንሸራተተ የሐዲዶቹ ርቀት እዚያ ቦታ ላይ ተለውጧል ማለት ነው፤ አስቀድመው በእርሳስ በሁለቱም ላይ የሚያልፍ ቀጭን መሥመር ካሰመሩ የተንሸራተተውን መጠን በዓይንዎ ያዩታል። በሁለቱም ብሎኮች ላይ ከላይ እኩል ክፍተት ከተከፈተ ልዩነቱ የከፍታ ነው። ክፍተቱ በአንዱ ብሎክ ላይ ብቻ፣ ወይም በአንድ ብሎክ አንድ ጥግ ላይ ብቻ ከታየ ደግሞ የጥምዘት ምልክት ነው። የርቀት ስህተት ከከፍታ ስህተት ይልቅ ብሎክን በእጅጉ ያስጨንቃል፤ ስለዚህ ሁለቱም ካሉ ከርቀቱ ይጀምሩ።

ጥምዘት ከሁሉም ይልቅ የሚረሳውና ብዙውን ጊዜ ሐዲዱ ውስጥ ሳይሆን ከሥሩ የሚገኘው ችግር ነው። ፍሬሙ የተቀመጠበት ወለል ወይም ጠረጴዛ ካልተስተካከለ፣ አራቱ እግሮች ሁሉም መሬት እንዲነኩ ፍሬሙ ራሱ ይጠመዘዛል። ለመፈተሽ በአራቱ የሐዲድ ጫፎች ላይ ቁመታቸው ፍጹም እኩል የሆኑ አራት ቁርጥራጮች ያስቀምጡ፤ ሁለት ቀጫጭን የዓሣ ማጥመጃ ክሮችን ከጥግ ወደ ጥግ በሰያፍ አጥብቀው ይወጥሩ። አራቱ ጥጎች በአንድ ጠለል ላይ ከሆኑ ክሮቹ መሐል ላይ ሳይገፋፉ ይነካካሉ። ከተለያዩ፣ በመካከላቸው የሚታየው ክፍተት የአንዱን ጥግ መዛባት ግማሽ ያሳያል፤ 0.5 ሚሊ ሜትር ክፍተት ካዩ አንዱ ጥግ ከሌሎቹ ሦስት ጠለል በ1 ሚሊ ሜትር ወጥቷል ማለት ነው። ላይኛው ክር ታችኛውን እየተጫነ ክፍተት የሌለ ሊያስመስል ስለሚችል፣ ክሮቹን አቀያይረው የላይኛውን ከታች በማድረግ ልኩን መድገም ያስፈልጋል። ውኃ ልክም ይረዳል፤ ነገር ግን ለግንባታ ሥራ የሚያገለግለው ተራ ውኃ ልክ ለዚህ ሥራ አይበቃም፤ በሜትር 0.02 ሚሊ ሜትር የሚለየውን የመካኒክ ውኃ ልክ ማግኘት ከቻሉ በእያንዳንዱ ሐዲድ ላይ በአግድም እያስቀመጡ ሁለቱን ማነጻጸር ይችላሉ። ጥምዘት ካገኙ ከሁሉ አስቀድመው የፍሬሙን እግሮች አንድ በአንድ ከፍና ዝቅ ያድርጉ። ክሮቹ በእግሮቹ ብቻ ሲገናኙ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ያኔ ከሐዲዱ ሥር ምንም መጨመር አያስፈልግም።

ሐዲዶቹን ፈትቶ መልሶ ማሰር የግድ ከሆነ አንዱን መሪ፣ ሌላውን ተከታይ ያድርጉ። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ለማስተካከል መሞከር የሚለኩበትን መነሻ ያሳጣዎታል። መሪ የሚሆነው የተሻለ ገጽ ላይ የተቀመጠው ሐዲድ ነው።

ሐዲዱን ከማስቀመጥዎ በፊት የሚያርፍበትን ገጽ በጥፍርዎ ይዳስሱ። ከዓመታት በፊት አንድ ሐዲድ ሳስር፣ ዳያል ጌጁ (ጥቃቅን እንቅስቃሴን በመርፌ የሚያሳየው መለኪያ) ከሐዲዱ ራስ ላይ አርፎ፣ ሦስት ብሎኖች እስካጠብቅ መርፌው ንቅንቅ አላለም፤ አራተኛውን ብሎን ስይዝ ግን መርፌው ቀስ እያለ 0.08 ሚሊ ሜትር ወረደ። ብሎኑን ሳላላው ተመልሶ ወጣ፤ ሳጠብቀው እንደገና ወረደ። ሐዲዱን አንሥቼ ሳይ፣ በአምስተኛው ቀዳዳ አፍ ላይ ጥርስ ሲወጣለት የተረፈች፣ በዓይን የማትታይ በጥፍር ብቻ የምትያዝ የአልሙኒየም ከንፈር ነበረች። ሐዲዱ በእርሷ ላይ ተደግፎ፣ ከአራተኛው ብሎን ሥር ያለው ቦታ ባዶ ሆኖ ቆይቷል። ከንፈሯን በሰፊ መሰርሰሪያ ጫፍ በእጅ አሽከርክሬ ካነሣኋት በኋላ መርፌው በአራተኛውም በአምስተኛውም አልተንቀሳቀሰም። ብሎን ሲጠብቅ የሚንቀሳቀስ መርፌ ከሐዲዱ ሥር ባዶ ቦታ መኖሩን ያመለክታል፤ እርስዎም ጌጁን ከሐዲዱ ላይ ሳያነሡ እያንዳንዱን ብሎን ቢያጠብቁ ይህን ምልክት ያገኙታል። ባዶውን ቦታ በስስ የናስ ቆርቆሮ መሙላት ይቻላል፤ የመጠቅለያ አልሙኒየም ፎይልም ለጥቃቅን ልዩነቶች ጥሩ ያገለግላል። ተራ የጽሕፈት ወረቀት ውፍረቱ ወደ 0.1 ሚሊ ሜትር ቢሆንም ከጭነት በታች ስለሚረግብና እርጥበት ስለሚስብ ለቋሚ ሥራ አልመክረውም።

የመሪውን ሐዲድ ቀጥታነት ለመለካት ዳያል ጌጁን በብሎኩ ላይ አስረው፣ ከጎኑ ትይዩ በተቀመጠ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ ላይ ጫፉን ያሳርፉ። ማስመሪያውን እያንቀሳቀሱ ጌጁ በሁለቱም ጫፍ ዜሮ እንዲያነብ ካደረጉ በኋላ በመካከል የሚያዩት ለውጥ ጉብጠት ነው። ጉብጠቱ የሐዲዱ ይሁን የማስመሪያው ለማወቅ፣ ማስመሪያውን ወደ ሐዲዱ ሌላኛ ጎን አሻግረው ያው የተለካው ጠርዙ ወደ ሐዲዱ እንዲዞር በማድረግ ይድገሙት። የሐዲዱ ጉብጠት በሁለቱም ጊዜ ወደ አንድ የማሽኑ ጎን ይታያል፤ የማስመሪያው ግን አቅጣጫውን ይለውጣል። ብሎኖቹን ከአንድ ጫፍ ጀምረው በተርታ፣ በመጀመሪያ በጣት፣ ቀጥሎ በግማሽ ኃይል፣ በመጨረሻም በሙሉ ኃይል ያጥብቁ። ለባለ 20 ሚሊ ሜትር ሐዲድ የሚያገለግለው ኤም 5 ብሎን በአልሙኒየም ጥርስ ላይ ወደ 4.4 ኒውተን ሜትር፣ በብረት ላይ ደግሞ ወደ 8.8 ኒውተን ሜትር ይበቃዋል። ኃይል የሚለካ ቁልፍ ከሌለዎት ቢያንስ በአንድ ቁልፍና በአንድ እጅ ሁሉንም እኩል ያጥብቁ፤ አንዱ ብሎን ከሌላው ጠንክሮ ሲታሰር ሐዲዱን ወደ ጎን ይስበዋልና።

ተከታዩን ሐዲድ ግን በማስመሪያ ለማሰለፍ አይድከሙ፤ ራሱ ጋንትሪው ያሰልፈው። መሪው ሙሉ በሙሉ ከታሰረ በኋላ የተከታዩን ሐዲድ ብሎኖች በጣት ብቻ ይያዙ፤ አራቱም ብሎኮች ከጋንትሪው ጋር ይጥበቁ። ጋንትሪውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሁለት ሦስት ጊዜ ያመላልሱት፤ ሐዲዱ ወደሚመቸው ቦታ ሲንሸራተት ያዩታል። ከዚያም ጋንትሪውን ወደ አንዱ ጫፍ ወስደው፣ ለብሎኮቹ እጅግ የቀረቡትን ብሎኖች ብቻ ያጥብቁ፤ 60 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ማለትም አንድ የቀዳዳ ርቀት፣ ወደፊት ገፍተው ቀጣዩን ያጥብቁ፤ እንዲህ እያሉ እስከ መጨረሻው ይሂዱ። በመንገዱ ላይ አንዱን ብሎን ካጠበቁ በኋላ ጋንትሪው ከከበደ ያንን ብሎን መልሰው ያላሉት፤ ጥፋቱ በእርሱ ዙሪያ ባለው ገጽ ላይ ነው፤ ከሥሩ ያለውን በፊለር ጌጅ ይፈትሹ። ይህ ዘዴ የሐዲዶቹን ርቀት ያስተካክላል እንጂ የከፍታ ልዩነትን አያርምም፤ የከፍታው እርማት ከሐዲዱ ሥር ወይም በብሎኩና በጋንትሪው እግር መካከል በሚገባ ቆርቆሮ ብቻ ነው።

ወዳጅዎ የመከሩዎትን በተመለከተ፣ ብሎኖችን አላልቶ መተው ጥፋቱን የት እንዳለ ለማወቅ ጥሩ ምርመራ ነው፤ መፍትሔ ግን አይሆንም። ያልታሰረ ሐዲድ በመቁረጫው ግፊት ወዲያና ወዲህ ይሄዳል፤ ግፊቱም ክቡን በዞሩ ቁጥር አቅጣጫውን ስለሚለዋውጥ ጋንትሪው በየአቅጣጫው በተለያየ መጠን ያፈገፍጋል፣ ክቡም ይሞልላል። ሐዲዱን አጥብቀው ክብደቱን ካስወገዱ በኋላም ሞላላነቱ ከቀጠለ፣ የተዘለሉ ስቴፖች መኖራቸውን፣ የጋንትሪውን ዘጠና ዲግሪነትና የዳዶዎቹን ልልነት በየተራ ይመልከቱ። ዘጠና ዲግሪነቱን ለማየት ትልቅ አራት ማዕዘን ይቁረጡና ሁለቱን ሰያፎች ይለኩ፤ እኩል ከሆኑ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ብሎክን ከሐዲድ ላይ ሲያወጡ አብሮት የመጣውን የፕላስቲክ ቁራጭ ከሐዲዱ ጫፍ ጋር አገናኝተው ብሎኩን ወደ እርሱ ያሻግሩት። ይህ ቁራጭ ሳይኖር ብሎኩ ሲወጣ በአንዳንድ ዓይነቶች ኳሶቹ ይፈስሳሉ፤ አንድ ኳስ እንኳ ጎድሎ የተመለሰ ብሎክ ደግሞ ከዚያ በኋላ በሚያደርጉት ልኬት ሁሉ ላይ ጥርጣሬ ያስገባል።

ጥያቄ፦ የእኔ ማሽን ከሥሩ በአልሙኒየም የተደገፈ ባለ 16 ሚሊ ሜትር ክብ ሐዲድና ከታች ክፍት የሆኑ ብሎኮች አሉት። ብሎኮቹ ትንሽ ይላወሱ ስለነበር በጎናቸው ያለውን ማጥበቂያ ብሎን አጠበቅሁት። መላወሱ ጠፍቷል፤ ነገር ግን አሁን ሲገፋ ኳሶቹ አንድ በአንድ ሲቆጠሩ ይሰማኛል። አበላሽቼዋለሁ?

መልስ፦ ገና አላበላሹትም፤ ሆኖም እንዲህ ሆኖ እንዲሠራ አይተዉት። ያ ብሎን የብሎኩን አካል ጨምቆ ኩሽኔታውን በዘንጉ ዙሪያ ያጠብበዋል። ሲበዛበት ኳሶቹ መንከባለል ትተው ዘንጉን እየጫኑ ይሄዳሉ፤ በጊዜ ብዛትም በዘንጉ ርዝመት ላይ ቀጭን የሚያብረቀርቁ መሥመሮች ይወጣሉ። መሥመሮቹን በጥፍርዎ ሲነኩ ጥፍርዎ ከያዘ ዘንጉ ተቦርቡሯል፤ ካልያዘና የሚታይ ብቻ ከሆነ አሁን ማላላቱ ይበቃል።

በእርስዎ ማሽን ላይ ዋናው ስህተት የቅደም ተከተል ይመስለኛል። ብሎኮቹ ላልተው ሳለ ሐዲዶቹ ቢዛቡም ልልነቱ ስህተቱን ይውጠዋል፤ ብሎኩን ሲያጠብቁ ግን ያ መሸሸጊያ ይጠፋና የአሰላለፉ ስህተት ይገለጣል። ስለዚህ አራቱንም ማጥበቂያ ብሎኖች ሙሉ በሙሉ ያላሉ፤ ሐዲዶቹን ከላይ እንደገለጽሁት መሪና ተከታይ አድርገው ያሰልፉ፤ ከዚያ በኋላ ብሎኮቹን አንድ በአንድ ይመለሱባቸው። ብሎኩን በእጅዎ ወደ ጎን እያወዛወዙ የማጥበቂያውን ብሎን በሩብ ሩብ ዙር ያሽከርክሩ፤ መላወሱ ጠፍቶ እንቅስቃሴው ገና ለስላሳ የሆነበት ቦታ ላይ ያቁሙ። ከዚያ ያለፈ ማጥበቅ ጥንካሬ አይጨምርም፤ የኩሽኔታውን ዕድሜ ብቻ ያሳጥራል። ክብ ሐዲድ ከሥሩ በአልሙኒየም ድጋፍ ላይ በብሎን የተያዘ ስለሆነ፣ ድጋፉ ራሱ ጎባጣ ሆኖ መምጣቱ የተለመደ ነው፤ ድጋፉን ከማሰርዎ በፊት ጠፍጣፋ ገጽ ላይ አስቀምጠው ጫፉን በጣትዎ ጫን ቢያደርጉት ሲወላወል ይታወቅዎታል።

ጥያቄ፦ ማሽኔ ጠዋት ላይ በጣም ጥሩ ሆኖ ይሠራል። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ግን ጋንትሪው በመንገዱ ሁሉ እኩል ይከብዳል፤ ማታ ደግሞ ይቀልላል። ፍሬሙ ከብረት የተበየደ ሲሆን ጋንትሪው አልሙኒየም ነው። ቅባቱ ይሆን?

መልስ፦ ቅባት ሲሞቅ ይቀጥናል እንጂ አይከብድም፤ ስለዚህ ጥርጣሬዎን ወደ ማዕድናቱ ያዙሩት። አልሙኒየም በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሜትር ወደ 0.023 ሚሊ ሜትር ሲለጠጥ፣ ብረት ወደ 0.012 ሚሊ ሜትር ብቻ ይለጠጣል። በሐዲዶችዎ መካከል ያለው ርቀት 700 ሚሊ ሜትር ነው ብንል፣ ከጠዋት እስከ ከሰዓት 15 ዲግሪ ልዩነት ሲፈጠር ጋንትሪው ከፍሬሙ በ0.12 ሚሊ ሜትር ገደማ አብልጦ ይሰፋል። ሐዲዶቹ ግን ከብረቱ ጋር ባሉበት ስለሚቀሩ፣ ጋንትሪው ብሎኮቹን ወደ ውጭ ይገፋቸዋል። ክብደቱ በመንገዱ ሁሉ እኩል መሆኑም ይህንኑ ያረጋግጣል፤ የሐዲድ አሰላለፍ ስህተት ቢሆን ኖሮ አንድ ቦታ ላይ ይበረታ ነበር።

ለማረጋገጥ ከሰዓት በኋላ፣ ማሽኑ በከበደበት ሰዓት፣ በአንድ ጎን ያሉትን የብሎክ ብሎኖች ያላሉ። ጋንትሪው ወዲያው ከቀለለ፣ ማታ ሲቀዘቅዝም ቀድሞ ያሰመሩት የእርሳስ መሥመር ወደ ቦታው ከተመለሰ፣ ምክንያቱ ተገኝቷል። ጋንትሪውን በብረት መለወጥ ካልፈለጉ በተከታዩ ጎን በብሎኮቹና በጋንትሪው መካከል ወደ ጎን መለመጥ የሚችል፣ ወደ ላይና ወደ ታች ግን የማይለመጥ የቆመ ስስ የብረት ሳህን ያስገቡ። ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ቁመቱ 80 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ሳህን ለዚህ መጠን ያለው ለውጥ በቂ ነው፤ መሪው ጎን ጋንትሪውን አጥብቆ ስለሚይዝ በመቁረጥ ጊዜ ትክክለኛነቱ አይጓደልም። እስከዚያው ድረስ ግን ተከታዩን ጎን በቀኑ መካከለኛ ሙቀት ላይ አላልተው መልሰው ቢያጠብቁት ስህተቱ ለጠዋትና ለከሰዓት ይከፋፈላል፤ ከ0.12 ይልቅ 0.06 ሚሊ ሜትር ወደ እያንዳንዱ አቅጣጫ ብቻ ይቀራል።